ስለ ስኮትላንዱ ሎርድ ላየን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የስኮትላንድን የአርማ (በጋሻ ላይ የሚሳል የአንድ ሰው ወይም ተቋም መለያ ምልክት) ሥርዓት የሚመራው ሹም ሎርድ ላየን ይባላል። ብዙ ሰው የሚያየው በትልልቅ በዓላት ላይ ብቻ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ ካረፉ በኋላ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤድንብራ ውስጥ መርካት ክሮስ በሚባለው ቦታ ቆመው የንጉሥ ቻርልስን ንግሥና ያወጁት የወቅቱ ሎርድ ላየን ጆሴፍ ሞሮው ነበሩ። አንበሳ የተጠለፈበትን ካባ ያየ ሰው ሹመቱን ለድምቀት የተቀመጠ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። የቀሩት ስህተቶች ግን በአብዛኛው ከዚህ ግምት የሚነሱ ናቸው።

«የክብር ሹመት ነው እንጂ ሥልጣን የለውም»

ካባው ሲወልቅ ሰውየው ዳኛ ነው። የሎርድ ላየን ፍርድ ቤት ዛሬም የሚሠራ የሕግ ፍርድ ቤት ነው፤ የራሱ ጸሐፊና የራሱ ዐቃቤ ሕግ አለው። የቆመባቸው ሕጎች የስኮትላንድ ፓርላማ በ1592 እና በ1672 ያወጣቸው ሲሆኑ በ1867 ሌላ ሕግ ታክሎባቸዋል። የ1592ቱ ጨከን ያለ ነው። ያልተፈቀደለትን አርማ የተጠቀመ ሰው አርማው የተቀረጸበት ዕቃ ይወረስበታል፣ 100 ፓውንድ ይቀጣል፣ ካልከፈለም ይታሰራል ይላል።

የወረቀት ነብር ነው እንዳይባል፣ በ1978 የሆነውን ማንሳት ይበቃል። የሴንት ኦልባንስ ከተማ የጨርቅ ነጋዴ በቢጫ መደብ ላይ ቀይ አንበሳ ያለበትን ንጉሣዊ ሰንደቅ በአልጋ ልብስ ላይ እያተመ ይሸጥ ነበር። እስኪተው ድረስ በየቀኑ 100 ፓውንድ እንዲከፍል ተወሰነበት። ይህ ሰንደቅ የንጉሡና ንጉሡን የሚወክሉ ጥቂት ባለሥልጣናት ነው። በስታዲየም ሲውለበለብ ማንም ሲያስቆመው አለመታየቱ ሰዉን አሳስቶታል። ሁሉም ሰው በነፃነት ሊይዘው የሚችለው ግን በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ የቅዱስ እንድርያስ መስቀል ያለበትን ባንዲራ ነው።

ኩባንያዎችና ክለቦችም አያመልጡም። በ2010ዎቹ አጋማሽ ኤር ዩናይትድ የተባለው የእግር ኳስ ክለብ ለዓመታት ደረቱ ላይ የለጠፈው ጋሻ ያልተመዘገበ አርማ ነው ተብሎ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ በኋላም አዲስ ምልክት አሠራ። የዶናልድ ትራምፕ የጎልፍ ኩባንያም በአበርዲንሺር ሥራ ሲጀምር ያልተፈቀደ አርማ ይጠቀም ነበር፤ ሕጋዊ አርማ ያገኘው በ2012 ለሎርድ ላየን አመልክቶ ነው። የክለቡ ደጋፊ የሚናደድበት ነገር ቢሆንም፣ ዐቃቤ ሕጉ ለኳስ ክለብም ለባለሀብትም አንድ ዓይነት ደብዳቤ መጻፉ ለእኔ የሥርዓቱ ጥሩ ጎን ነው።

«እንግሊዝ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው»

አይደለም። በእንግሊዝ አርማ የሚሰጠው በ1484 የተቋቋመው የለንደኑ የአርማ ኮሌጅ ነው፤ ከአመልካቾች በሚያገኘው ክፍያ የሚተዳደር ማኅበር ነው። እዚያ የአርማ ክስ የሚያየው ፍርድ ቤት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሳይሰየም ቆይቶ በ1954 አንድ ጊዜ ብቻ ተሰይሟል። በስኮትላንድ ግን ላየን የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው፤ የአመልካቾች ክፍያም ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል።

«እያንዳንዱ የአያት ስም የራሱ አርማ አለው»

ይህኛው ከሁሉም የተስፋፋው ነው፤ ምክንያቱም ይሸጣል። ኤድንብራ ውስጥ ሮያል ማይል ላይ ካሉት የማስታወሻ ዕቃ ሱቆች ገብተው ስምዎን ቢናገሩ «የቤተሰብዎ አርማ» ያለበት ኩባያ፣ የቁልፍ ማንጠልጠያና የግድግዳ ጌጥ ይቀርብልዎታል። በስኮትላንድ ሕግ የቤተሰብ አርማ የሚባል ነገር የለም። አርማ የአንድ ሰው ንብረት ነው፤ ሁለት መኪና በአንድ ሰሌዳ እንደማይሄድ ሁለት ሰውም አንድ ዓይነት አርማ አይይዝም። ሁሉም ከ1672 ሕግ ወዲህ በሚያዘው የሕዝብ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ታዲያ ልጆችስ? አባት በሕይወት ሳለ ወራሹ ልጅ በጋሻው አናት ላይ ሦስት ዘለላ ያለው ጠባብ መስመር ጨምሮ ይጠቀማል፤ አባቱ ሲያርፍ መስመሩን አንስቶ ሙሉውን አርማ ይወርሳል። ታናናሾቹ ለላየን ማመልከት አለባቸው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው የአባታቸው ጋሻ ሆኖ ዙሪያውን ክፈፍ የተጨመረበት ነው። የክፈፉ ቀለም በወንድሞች መካከል ይለያያል፤ ወደ ልጅ ልጆች ሲወርድ ደግሞ ጠርዙ ሞገድ ወይም ጥርስ መሰል ሊሆን ይችላል። መዝገቡን ማንበብ የሚያውቅ ሰው ጋሻውን አይቶ የዘር ሐረጉን በግምት ይናገራል።

ኮፍያ ላይ የሚደረገው የጎሳ ምልክትም ከዚሁ ይገባል። የጎሳው አባል የአለቃውን ምልክት በቀበቶና ዘለበት ታጥሮ ይለብሳል፤ ትርጉሙ «የእገሌ ተከታይ ነኝ» ማለት ነው። ምልክቱ ራሱ የአለቃው ንብረት ሆኖ ይቀራል። አለቃው ግን ያለ ቀበቶ፣ በተራ ቀለበት ውስጥ፣ ከኋላው ሦስት የንስር ላባ ሰክቶ ያደርገዋል። የራሱ አርማ ያለው ሌላ ሰው አንድ ላባ ነው የሚያደርገው።

«የጎሳ አለቃ የሚሾመው ሎርድ ላየን ነው»

ግማሽ እውነት ነው። ላየን የሚፈርደው ስለ አርማው ነው። የአለቅነቱን አርማ ምንም መለያ ሳይጨመርበት ሙሉውን መያዝ ያለበት ማን እንደሆነ ሲወስን፣ ያ ሰው በተግባር አለቃ ተብሎ ይታወቃል። ስለ አለቅነቱ ብቻ የሚነሳን ክርክር ግን የማየት ሥልጣን እንደሌለው ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በ1941፣ በአርድጉር ማክሊኖች ጉዳይ ላይ በይኗል። ስለዚህ ማስረጃ ከሌለ ጎሳው ለብዙ ዘመን አለቃ አልባ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ጎሳዎችም አሉ።

«ታርታን የሚመዘግበው እሱ ነው»፣ «መሬት የገዛ ጌታ ይሆናል»

ታርታን፣ ማለትም የስኮትላንድ ባለ መስመር የጨርቅ ንድፍ፣ ከ2009 ጀምሮ የራሱ መዝገብ አለው፤ የሚያዘውም በብሔራዊው የመዛግብት ተቋም በኩል ነው። በኢንተርኔት የሚሸጠው አንድ ክንድ የማይሞላ ቁራሽ መሬት ደግሞ ማዕረግም አርማም አያስገኝም። እውነተኛው የባሮን ማዕረግ እንኳ ከ2004 ወዲህ ከመሬቱ ጋር ያለው ትስስር ተቆርጧል።

«ለመኳንንት ብቻ የተፈቀደ ነው»

ለመኳንንትና ለጎሳ አለቆች የተለዩ ጌጦች አሉ፤ ከጋሻው ግራና ቀኝ የሚቆሙት ደጋፊ እንስሳት ማንም ጠይቆ የሚያገኛቸው አይደሉም። ጋሻው ራሱ ግን ክፍት ነው። የ1672ቱ ሕግ የሚለው ጨዋና የሚገባው ሰው ከሆነ ይሰጠው ነው፤ ወንድ ሴት አይልም፣ የደም ሐረግም አይጠይቅም። ኑሮውን ግላስጎው ያደረገ ኢትዮጵያዊ ማክዶናልድ ከሚባለው የስኮትላንድ ጎሳ መወለድ ሳያስፈልገው በራሱ ስም ማመልከት ይችላል። ክፍያው ግን በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ስለሆነ የሱቁ ኩባያ በጣም ይረክሳል።