ኮል ሴንተር ሰው ሲቀጥር የሚወራው እና እውነታው

የቴሌኮም ኩባንያ ለኮል ሴንተሩ ሰው ቀጠረ በተባለ ቁጥር ያው ወሬ ይነሳል፦ «ያሉትስ መቼ ሠሩ? ሲያወሩ ነው የሚውሉት።» በዚህ ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ይህን መስማት ሰልችቶናል። ሒሳቡን እንየው።

በሰዓት 100 ሰው ይደውላል፣ አንዱን ለማስተናገድ 6 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 600 ደቂቃ ማለት ልክ የ10 ሰው ሙሉ ሰዓት ነው። ታዲያ 10 ሰው ይበቃል? በፍጹም! ደዋይ በየ36 ሴኮንዱ ተራ ገብቶ አይመጣም፤ አንዴ ይጎርፋል፣ አንዴ ጭር ይላል። ጭር ያለው ደቂቃ ደግሞ ለጎረፈው አይቀመጥም። ስለዚህ 10ሩ ለአፍታ ሳያርፉ ወረፋው እየረዘመ ይሄዳል። 11 ሲሆኑ አማካይ ጥበቃው 4 ደቂቃ ገደማ ነው፤ 13 ሲሆኑ ግን ወደ ግማሽ ደቂቃ ይወርዳል። የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ ኮፐንሃገን ውስጥ በስልክ ኩባንያ እየሠራ ይህን ጥበቃ የሚያሰላውን ቀመር ያሳተመው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም «ሁለት ሰው ምን ይለውጣል?» የሚል አለቃ አለ።

ቡድናችን ውስጥ አንዲት ልጅ የወሊድ ፈቃድ ወጥታ ተተኪ ሳይሰጠን ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ስናነሳ የሚቀበለን ስድብ ሆነ። የተናደደን ሰው ለማረጋጋት ሁለት ደቂቃ ይሄዳል፤ ያንን ሁለት ደቂቃ ከኋላ ያለው ይጠብቃል፣ እሱም ተናዶ ይገባል። ስንፍና የተባለው ይሄ ነው።

«ከተቀጠሩ ነገውኑ ይቀላል» የሚለውም ልክ አይደለም። አዲሱ ሲስተሙን እስኪለምድ ነባር ሰው አጠገቡ ይቀመጣል፤ ነባሩም ያን ጊዜ ስልክ አያነሳም።

ቁጥር ብቻውንም አይበቃም። 20 አማርኛ ተናጋሪ ቢቀጠር ሶማሊኛ መርጦ ለሚጠብቅ የጅግጅጋ ደንበኛ ምንም አይቀንስለትም።

«ዘግቼ እንደገና ብደውል ቶሎ ያነሱልኛል»፦ ተራዎን ጥለው መጨረሻ ላይ ይሰለፋሉ።

«በሞባይል በስህተት የላክሁትን ብር መመለስ ይችላሉ፣ እንቢ ብለው ነው»፦ ስልክ ያነሳው ልጅ ከሰው ሒሳብ ብር የማንሳት ሥልጣን የለውም። የግብይት ቁጥሩን ይዘው ወዲያው ያመልክቱ፤ በዘገዩ ቁጥር ገንዘቡ ወጪ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ደውሎ «ብርዎን ልመልስልዎ፣ ፒንዎን ይንገሩኝ» የሚል ሰው ደግሞ አጭበርባሪ ነው፤ የእኛ ሠራተኛ ፒን አይጠይቅም። ይዝጉበት።