«ኤችዲ አድርግልኝ»፦ ስለ ድሮ የቴሌቪዥን ድራማ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ካሴት ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። የሰርግ ይመጣል፣ የልደት ይመጣል፣ አንዳንዴም ከቴሌቪዥን የተቀዳ የድሮ ድራማ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበረታ ሱቄ በርጫ ቤት ይሆናል። ሰሞኑን ጀማው የያዘው ክርክር ታዲያ ይኼ ነው፦ የድሮ ድራማዎች ለምን በኤችዲ፣ ማለትም ጥርት ባለው የዛሬ ምስል፣ ታድሰው አይወጡም? ግማሹ «ይውጡ» ይላል። ግማሹ «አቦ አትንኩብን» ይላል። እኔ ደግሞ ሁለቱም የሚያነሱት ነገር ያናድደኛል፤ አብዛኛው ስህተት ነዋ።

«የድሮ ነገር ሁሉ ብዥ ያለ ነው»

አይደለም። የተቀረጸበትን ዕቃ ነው ማየት። በ1951 እ.ኤ.አ. የጀመረው የአሜሪካው «አይ ላቭ ሉሲ» የተቀረጸው በ35 ሚሊሜትር የሲኒማ ፊልም ላይ ነው። ፊልም ላይ ፒክሰል የሚባል የዲጂታል ምስል ነጥብ የለም። ኔጋቲቩ፣ ካሜራው ውስጥ የነበረው ዋናው ፊልም፣ በደንብ ተቀምጦ ከቆየ፣ ዛሬ ስካን ሲደረግ የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ያላሳየውን ሁሉ ያወጣል። ከዚያ 30 ዓመት ቆይቶ በቪዲዮ ካሴት የተቀረጸ ፕሮግራም ግን ካሴቱ ላይ ካለው በላይ የሚሰጠው የለውም። አያት ከልጅ ልጁ የበለጠ ጠርቶ ይታያል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። እኛ የምንናፍቃቸው የ1980ዎቹና የ90ዎቹ ድራማዎች ግን በብዛት የቪዲዮ ካሜራ ሥራዎች ናቸው። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው መጀመር ያለበት።

«ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ኤችዲ ይሆናል»

ይኼን በቀን ሦስቴ እሰማለሁ። ሒሳቡን እንሥራው። የድሮው የኛ ቴሌቪዥን ምስል ወደ ዲጂታል ሲገባ 720 በ576 ነው፤ 414,720 ነጥብ። ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ 2,073,600 ነጥብ። ልክ አምስት እጥፍ። ስለዚህ ከአምስቱ ነጥብ አራቱን ማሽኑ ከራሱ አምጥቶ ነው የሚሞላው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስም ሲባል ያው ነው፤ ግምቱ ጎበዝ ሆነ እንጂ ግምት ነው።

አንዲት እናት የሰርጋቸውን ካሴት ሌላ ቦታ «ኤችዲ» አስደርገው መጡ። ፍላሹን ሰካሁት። ሲታይ እውነትም ያብለጨልጫል። ፊታቸው ሻማ መስሏል። ሹሩባቸው አንድ ጥቁር ጨርቅ ሆኗል። ከዚያ ካሜራው ወደ እጃቸው ጠጋ አለ። ሙሽራ ናቸው፣ ሂና ተቀብተዋል፣ ግን ሂናው የለም። ማሽኑ ያንን ቀጫጭን መስመር ቆሻሻ መስሎት ጠርጎታል። «አንተ ልጅ፣ ይቺ እጅ የኔ አይደለችም» አሉኝ።

ዋናውን ካሴት አስመጥቼ እንዳለ ገለበጥኩላቸው። ብዥ ይላል፣ ሂናው ግን አለ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው መስመሩን ሲከተሉት አየኋቸው። የድራማ ተዋንያንም ፊት በዚህ መንገድ ሲታጠብ ብዙ አይቻለሁ።

«እንዲያ ከሆነማ ምንም ማድረግ አይቻልም»

ኧረ ይቻላል! የድሮው ቴሌቪዥን በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነበር የሚያሳየው። አንዴ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮቹን፣ አንዴ ሙሉ ቁጥሮቹን። ካሴትን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ብዙ ርካሽ መቀየሪያ አንዱን ግማሽ ይጥለዋል። በሰከንድ 25 ብቻ ይቀራል፣ ከዝርዝሩም ይጎድላል። እስክስታ ላይ ነው ጉዱ የሚታየው፤ ትከሻው መርገፍገፉን ትቶ ይንገጫገጫል። ሃምሳውንም ጠብቆ የገለበጠ ሰው፣ ኤችዲ የሚለውን ቃል ሳያነሳ፣ ከብዙዎቹ «ታደሰ» ከሚባሉት የተሻለ ነገር ይሰጣችኋል። ካሴቱን የሚያነበው ጭንቅላቱ የተጠረገ ጥሩ ማጫወቻ ከተጨመረበት ደግሞ በቃ።

«ግራና ቀኝ ያለው ጥቁር ጉድለት ነው»

የድሮው ስክሪን 4 ለ 3 ነበር፣ የዛሬው 16 ለ 9 ነው። ጥቁሩን ለማጥፋት ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ መለጠጥ ነው፤ ተዋናዩ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይወፍራል። ሌላው ከላይና ከታች መቁረጥ ነው፤ የምስሉ ሩብ ይሄዳል። በኛ ድራማ ደግሞ ከታች ያለው ረከቦቱ ነው። ሴትየዋ ቡና ትቀዳለች፣ ስኒው ግን አይታይም።

ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። «ሳይንፌልድ» የሚባለው ኮሜዲ በ2021 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ላይ ሲገባ ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ከላይና ከታች ተቆርጦ ነበር። አንዱ ክፍል ስለ መንገድ ጉድጓድ ነው። ሲቆረጥ ጉድጓዱ ራሱ ከስክሪን ወጣ። ሰዎቹ ቆመው ምኑን እንደሚያዩ አይታወቅም። ጥቁሩን ተዉት፤ አይበላችሁም።

«አዲሱ ሲወጣ የድሮው ይበላሻል»

የድሮው ቅጂ እንዳለ ከተቀመጠ ምኑ ይበላሻል? የአሜሪካው ተከታታይ ድራማ «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ተቀርጾ የነበረው በፊልም ነው፣ ኤዲት የተደረገው ግን በቪዲዮ ቴፕ ነበር። ወደ ኤችዲ ለማምጣት ወደ ኔጋቲቩ ተመልሰው፣ ሰባቱንም ሲዝን እንደገና ቆርጠው ቀጠሉት። ሥራው ከ2012 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ በተራ ወጣ። እንዲህ የተደከመበትን እኔ በደስታ አያለሁ። የድሮውን ደብቆ አዲሱን ብቻ የሚያቀርበው ነው ችግሩ።

«ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ምን ጠፋ?»

ዩቲዩብ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ቤቱ የቀዳው፣ ተጨምቆ እንደገና የተጨመቀ ነው። ዋናው ካሴት ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ አይጠብቅም። ቢቢሲ እንኳ የ1960ዎቹን እ.ኤ.አ. ብዙ ፕሮግራም አጥፍቶ በካሴቶቹ ላይ ሌላ ቀድቶባቸዋል። እኛ ጋ ሙቀቱ አለ፣ አቧራው አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማ ሲገባ የተረፈ ካሴት አምጥተውልኝ፣ ከፍቼ ጭቃ ጠርጌያለሁ። ግማሹ ነው የተነሳው።

ማጫወቻውም እያለቀ ነው። የቪኤችኤስ፣ ማለትም የቤቱ ቪዲዮ ካሴት፣ ማጫወቻ የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ማምረት አቁሟል። እኔ ሁለት አለኝ። አንደኛው የሚሠራው የሁለተኛውን ጎማ ለብሶ ነው።