መድኃኒትን በሲሚንቶ ማሰር ምንድን ነው?

በሙያው «ኢነርታይዜሽን» ይሉታል። ጊዜው ያለፈበትን ክኒን አድቅቆ ከኖራ፣ ከሲሚንቶና ከውኃ ጋር አቡክቶ እንደ ድንጋይ ማጠንከር ነው። መድኃኒቱ አይጠፋም፤ ዝናብ እንዳያጥበው፣ ቆሼ ላይ የሚለቅም ሰው መልሶ ገበያ እንዳያወጣው ይታሰራል እንጂ።

ለምን ዝም ብሎ አይቃጠልም? ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ የሚነደው እሳት ሙቀቱ አይበቃማ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ባለ ሁለት ክፍል ማቃጠያና ቢያንስ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠይቃል። ከዚያ በታች መድኃኒቱ በከፊል ይተርፋል፣ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ማሸጊያውም መርዛማ ጭስ ይሆናል።

ልኬቱ በክብደት ነው፦ ለ100 ኪሎ ድብልቅ 65 ኪሎ መድኃኒት፣ 15 ኪሎ ኖራ፣ 15 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 5 ኪሎ ውኃ። ውኃው ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ ሊጡ እስኪፈስ መጨመር ይፈቀዳል። አሰልቺው ሥራ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ ካርቶኑን፣ መመሪያ ወረቀቱንና ፎይሉን አውልቆ ክኒኑን ብቻ ማስቀረት። ማድቀቁ አቧራ ስለሚያስነሳ ያለ ማስክ፣ ጓንትና ጋውን አይነካም። ሊጡ ሳይደርቅ ቆሻሻ መጣያው ላይ ይደፋል፣ ወይም በተቦካበት ቦታ በቅርጽ ይደርቅና ወደዚያ ይጓጓዛል። የካንሰር መድኃኒት ከዚህ ሊጥ አይገባም፤ የራሱ አወጋገድ አለው።

ሽንት ቤት መድፋትስ? የተደፋው ወንዝና ሐይቅ ሊገባ ይችላል። በካናዳ ኦንታሪዮ ተመራማሪዎች ከ2001 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. አንድ ትንሽ ሐይቅ ውስጥ የወሊድ መከላከያ ክኒን ሆርሞን ጨመሩ፤ በሊትር 5 ወይም 6 ናኖግራም ብቻ። ወንዶቹ ዓሣዎች የእንቁላል ፕሮቲን ማመንጨት ጀመሩ፣ ፋትሄድ ሚኖው የሚባለው ትንሽ ዓሣም ከሐይቁ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ናኖግራም ማለት የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው።

ቤት ውስጥ ሲሚንቶ አያስፈልግም። መጀመሪያ መድኃኒት ቤቱ ወይም ጤና ጣቢያው ይረከብ እንደሆነ ይጠየቅ። ካልተረከበ ክኒኑ ሳይፈጭ ከማሸጊያው ይውጣና ከቡና አተላ ወይም ከአፈር ጋር ይደባለቅ፤ ሕፃንም ከብትም እንዳይመኘው። ከዚያ በሚታሰር ፌስታል ሆኖ ከቆሻሻው ጋር ይጣላል። ብልቃጡ ላይ የታማሚው ስም ካለ አስቀድሞ ይፋቅ።