የአዞ፣ የዘንዶና የሰጎን ቆዳ ቦርሳ፦ እውነተኛውን ከፎርጅዱ መለየት

ከከብት፣ ከበግና ከፍየል ሌላ የእጅ ቦርሳ በብዛት የሚሠራው ከአዞ፣ ከአሊጌተር (የአዞ ዘመድ)፣ ከዘንዶ፣ ከአርጃኖና ከሰጎን ቆዳ ነው። ገዢ የሚታለለው በፕላስቲክ አይደለም፤ ፕላስቲክ ሲዳሰስ ይታወቃል። አስቸጋሪው በጋለ ብረት ተጭኖ የአዞ ቅርፊት የታተመበት የጥጃ ቆዳ ነው። በክብሪት መሞከር እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። የጥጃውም የአዞውም ቆዳ ሲቃጠል እንደ ፀጉር ይሸታል፤ እሳት ቆዳን ከፕላስቲክ ይለያል እንጂ እንስሳን ከእንስሳ አይለይም። ቦርሳውንም ያበላሻል።

መታየት ያለበት ቅርፊቱ ነው። በአዞ ሆድ ላይ በእያንዳንዱ ቅርፊት ጠርዝ አጠገብ በመርፌ የተወጋች የምትመስል ነጥብ አለች፤ እንስሳው በሕይወት ሳለ የውኃውን እንቅስቃሴ የሚያውቅባት ናት። የስልክ ካሜራ አቅርቦ ቢያነሳት በግልጽ ትታያለች። አሊጌተር በሆዱ ላይ ይህች ነጥብ የለችውም። በምትኩ የእትብቱ ጠባሳ እንደ ረዘመ የሸረሪት ድር ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ሠሪዎችም ሆን ብለው ከቦርሳው ፊት ላይ ያውሉታል። ሦስተኛው ዘመድ ካይማን ነው። ሆዱ በቅርፊቱ ሥር አጥንት ስላለው ቆዳው ደረቅ ነው፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል፣ ቀለሙንም እኩል አይጠጣም፣ ደጋግሞ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ዋጋው ከሁለቱ እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ «አዞ» ተብሎ ይሸጣል። የገበያው ትልቁ ማታለያ ይህ ነው፤ ሻጩ ሙሉ በሙሉ ዋሸ ለማለትም ያስቸግራል።

የታተመ ቆዳ የሚጋለጠው በመደጋገሙ ነው። የእውነተኛ አዞ ሆድ ቅርፊቶች መሐል ላይ ሰፋ ያሉ አራት ማዕዘኖች ሆነው ወደ ጎን ሲሄዱ እያነሱና እየከበቡ ይመጣሉ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ቅርፊት አይገኝም። በማተሚያው የወጣው ግን በሆነ ርቀት ላይ ያንኑ ቅርፊት መልሶ ያሳያል። በቅርፊቶቹ መካከል ያለው ቦይም ጥልቀቱ እኩል ነው፣ በጣት ሲወጠርም ይጠፋል። ነጥቧን ጭምር የሚያትሙ አሉ፤ የእነሱ ነጥብ ሁሌም በአንድ ቦታ፣ በአንድ መጠን ትቀመጣለች። ማዕዘኑ በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ቦርሳ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ የታተመው ላይ የተቀባው ሽፋን እንደ ስስ ላስቲክ ይላጣል።

የዘንዶ ቅርፊት ከጭራ ወደ ጭንቅላት ሲዳበስ ጫፉ ይነሳል። ሰጎን ላይ ጉብ ጉብ የሚሉት ላባው የበቀለባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ የላባ ቀዳዳ ይኖራል፣ የሚገኙትም በጀርባው አካባቢ ብቻ ነው። ከአፍ እስከ ገደፉ እኩል ተበትነው ከታዩ ሥራው የማሽን ነው።

ዋጋን የሚወስነው የትኛው የቆዳ ክፍል እንደተቆረጠ ነው። የአዞ ቆዳ የሚለካው በሆዱ ስፋት በሴንቲ ሜትር ነው። ጥሩ ቦርሳ ላይ ትልልቆቹ ቅርፊቶች ፊት ለፊት መሐል ላይ ይውላሉ፣ ግራና ቀኙም ይመጣጠናል። ከቁርጥራጭ የተቀጣጠለው መገጣጠሚያው በቅርፊቶች መካከል ስለሚደበቅ ገበሩን ገልጦ ስፌቱን መቁጠር ይጠቅማል። በነገራችን ላይ የብራንድ ስም ስለ ቆዳው ብዙ አይናገርም፤ እውነተኛ አዞ ላይ የሐሰት ማርክ የተመታበት ቦርሳ ሞልቷል። የፈረንሳዩ ቦርሳ ሠሪ ኤርሜስ ከስሙ አጠገብ ለናይል አዞ ጎን ለጎን ሁለት ነጥቦች፣ ለባሕር አዞ የቤት ጣሪያ የመሰለ ምልክት፣ ለአሊጌተር አራት ማዕዘን ይመታል። ምልክቱና ቅርፊቱ ካልተስማሙ የሚታመነው ቅርፊቱ ነው።

ከዚያ የወረቀቱ ጉዳይ ይመጣል። የአዞና የዘንዶ ንግድ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1975 ሥራ ላይ በዋለው ሳይተስ በተባለው ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያ በ1989 አባል ሆናለች። የኢትዮጵያ የናይል አዞ በሁለተኛው አባሪ ስለተመዘገበ በፈቃድ ይሸጣል፤ የአርባ ምንጩ የአዞ እርባታ ቆዳም የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። (በጫሞ ዳር ያለው «አዞ ገበያ» ግን አዞዎች ፀሐይ የሚሞቁበት እንጂ ቆዳ የሚሸጥበት አይደለም።) በፈቃዱ ላይ የእንስሳው የላቲን ስምና የምንጩ ፊደል ይጻፋል፤ ከዱር እንቁላል ወይም ጫጩት ተሰብስቦ ላደገ «አር»፣ ከዱር ለተያዘ «ደብልዩ»። ስምምነቱ ለግል ዕቃ እስከ አራት የአዞ ውጤት በሻንጣ ያለ ፈቃድ እንዲያልፍ ይፈቅዳል፤ በፖስታ የተላከ ግን አይካተትም፣ ጥብቅ ሕግ ያላቸው አገሮችም አሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የዘንዶ ቦርሳ መሸጥ ጨርሶ ክልክል ነው።

በስልክ የሚገዛ ሰው የላቲን ስሙን በጽሑፍ፣ የሆዱን፣ የማዕዘኑን፣ የማንገቻውን ሥርና የገበሩን ፎቶ በቀን ብርሃን ይጠይቅ። የሚያብረቀርቀውን አዞ ዝናብ ላይ ማውጣት አይገባም፤ በድንጋይ ታሽቶ የወጣው ገጽ ጠብታ ሲነካው ያብጣል፣ ነጭ ምልክትም ይቀርበታል። ደብዛዛው ይሻላል። የእጅ ሳኒታይዘር ግን ሁለቱንም ያበላሻል፤ አልኮሉ ቀለሙን ያነሳል።