የጤና ኢንሹራንስ ይግባኝ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ «ይህን ሕክምና አልከፍልም» ሲል ነገሩ በዚያ አያበቃም። ታካሚው ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይችላል፤ ይህ አፒል ወይም ይግባኝ ይባላል። ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያውን (ኢንተርናል አፒል) የሚያየው ራሱ ኩባንያው ነው። ሁለተኛውን (ኤክስተርናል ሪቪው) የሚያየው ከኩባንያው ውጭ ያለ ገለልተኛ ገምጋሚ ሲሆን፣ እሱ ለታካሚው ከፈረደ ኩባንያው የመክፈል ግዴታ አለበት። ይህን ሁለተኛ ደረጃ ሰው እምብዛም አያውቀውም፤ የመጀመሪያው ሲወድቅ ተስፋ ቆርጦ ቢሉን መክፈል ይጀምራል።

መብቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣውና ኦባማኬር ከሚባለው ሕግ ነው። በመሥሪያ ቤት በኩል የተገኘም ሆነ ከማርኬትፕሌስ (በኦባማኬር ከተቋቋመው የኢንሹራንስ መገበያያ) የተገዛ ኢንሹራንስ በአብዛኛው ይህን ይሸፍናል። የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስና አባላት ወጪ የሚጋሩባቸው የሃይማኖት ማኅበራት ግን በዚህ ግዴታ ሥር አይደሉም፤ በዋጋቸው ርካሽነት ተስቦ የሚገባ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል።

መጀመሪያ የሚሠራው የተከለከለበትን ምክንያት ማወቅ ነው። «ይህ ቢል አይደለም» የሚል የተጻፈበት ኢኦቢ የተባለው፣ ኢንሹራንሱ ምን እንደከፈለና ምን እንዳልከፈለ የሚያሳየው ወረቀት ወይም የክልከላው ደብዳቤ ምክንያቱን መግለጽ አለበት። አንዳንዱ ምክንያት ይግባኝ እንኳ አያስፈልገውም። የኮድ ወይም የልደት ቀን ስህተት ከሆነ የሐኪሙ ቢሊንግ ክፍል ክሌሙን (ለኢንሹራንሱ የላከውን የክፍያ ጥያቄ) አርሞ መልሶ ይልከዋል። ድንገተኛ ክፍል የታከሙበት ሆስፒታል ከኔትወርክ (ኢንሹራንሱ ከተዋዋላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች) ውጭ በመሆኑ ትልቅ ቢል ከመጣ ደግሞ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ታካሚው በኔትወርክ ውስጥ እንደታከመ ያህል ብቻ እንዲከፍል ያደርጋል። የመኪና አምቡላንስ በዚህ የፌዴራል ሕግ አልተካተተም።

ዋናው ትግል ያለው «ሕክምናው አስፈላጊ አይደለም» (ኖት ሜዲካሊ ኔሰሰሪ) በሚለው ምክንያት ላይ ነው። እዚህ ላይ የሚረታው ማስረጃ ነው፤ የታካሚው ችግርና ልመና ብቻውን ብዙም አይረዳም። ኩባንያው ውሳኔውን የሰጠበትን መመዘኛና ሙሉ ፋይሉን በነፃ እንዲሰጥ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። ከዚያ መመዘኛውን ለሐኪሙ ይስጡት፣ ሐኪሙ የሚጽፈው ደብዳቤም እያንዳንዱን ነጥብ እየጠቀሰ ይመልስ። ለምሳሌ የጀርባ ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ የሚከለከለው «አስቀድሞ ለስድስት ሳምንት ያህል ፊዚካል ቴራፒ አልተሞከረም» ተብሎ ነው። «ታካሚዬ ኤምአርአይ ያስፈልገዋል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ለዚህ መልስ አይሆንም። ቴራፒው የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ የተወሰደው መድኃኒት፣ ሕመሙ እግር ላይ መደንዘዝ ማስከተሉ ሲዘረዘር ግን ኩባንያው በራሱ መመዘኛ ይያዛል።

ይግባኙ የክልከላው ማስታወቂያ ከደረሰ በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ስልክ ደውሎ ቅሬታ ማሰማት ይግባኝ ማስገባት አይደለም፤ ቀኑም መቁጠሩን አያቆምም። በጽሑፍ ይላኩ፣ ኮፒ ያስቀሩ፣ መድረሱን የሚያሳይ ደረሰኝ ይያዙ። ገና ላልተሰጠ ሕክምና ኩባንያው በ30 ቀን፣ ለተሰጠ ሕክምና በ60 ቀን ውስጥ ይመልሳል። መዘግየቱ ሕይወትን ወይም ጤናን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ መልሱ በ72 ሰዓት ውስጥ መምጣት አለበት፤ አስቸኳዩን በስልክም ማቅረብ ይቻላል። የሚያየው ሰው የመጀመሪያውን ውሳኔ የሰጠው ወይም የእሱ የበታች መሆን የለበትም።

ኩባንያው እንደገና እምቢ ካለ ኤክስተርናል ሪቪው ለመጠየቅ አራት ወር አለ። ገለልተኛው ገምጋሚ በ45 ቀን፣ አስቸኳይ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይወስናል። ክፍያው ቢኖርም ቢበዛ 25 ዶላር ነው። አስቸኳይ ጉዳይ ከሆነ የኩባንያውን መልስ ሳይጠብቁ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መጠየቅ ይቻላል። ይሁንና ገምጋሚው በዋናነት የሚያየው የሕክምና ዳኝነት የሚጠይቀውን ጉዳይ ነው። ውሉ ጭራሽ የማይሸፍነውን ነገር፣ ለምሳሌ የአዋቂ ሰው የጥርስ ሕክምናን፣ ያስከፍልልኛል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

በእኛ ቤተሰብ ለእናት ወይም ለአባት የሚደውለው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ «ከአባሏ ጋር እንጂ ከአንተ ጋር አንነጋገርም» ይላል። መፍትሔው እናትየው የምትፈርመው የወኪልነት ቅጽ (ኦቶራይዝድ ሪፕረዘንታቲቭ) ነው፤ ከይግባኙ ጋር አብሮ ይላክ። በአስቸኳይ ጉዳይ ሁኔታዋን የሚያውቅ ሐኪም ወኪል መሆን ይችላል። አስተርጓሚም በነፃ ነው። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ በብዙ ቋንቋ የተጻፈው ገጽ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አማርኛም ያለበት፣ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ሲደውሉ «አምሃሪክ» ማለት ይበቃል። ሜሪላንድ ውስጥ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የጤና ክፍል፣ ዲሲ ውስጥ የጤና እንባ ጠባቂ ጽሕፈት ቤት ይግባኙን በማዘጋጀት በነፃ ያግዛሉ።

ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ላይ ያለ ሰው ሌላ ቀን መቁጠሪያ አለው። ሜዲኬይዱ በኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል የሚሰጥ ከሆነ ይግባኙ በ60 ቀን ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ክፍለ ግዛቱ በሚሰይመው ሰው ፊት ፌር ሂሪንግ (ጉዳዩ እንደ ችሎት የሚሰማበት ሥርዓት) መጠየቅ ይቻላል። ሲሰጥ የቆየ አገልግሎት፣ ለምሳሌ የቤት ውስጥ ረዳት ሰዓት፣ ሊቀነስ ሲል ግን 60 ቀን አይጠበቅም። ይግባኙ እስኪታይ እንዳይቋረጥ ማስታወቂያው በተላከ በ10 ቀን ውስጥ «ይቀጥልልኝ» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተረቱ የዚያን ጊዜ ወጪ መልሱ ሊባሉ ስለሚችሉ፣ ይህን ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ መወሰን ነው።