ስለ ጭንቀት በየቀኑ የምሰማቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ሰሞኑን አንድ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሹፌር ማታ ላይ መጥቶ «እህቴ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒን ስጪኝ፤ ሐሳብ ገደለኝ» አለኝ። ያለ ሐኪም ማዘዣ እንደማይሰጥ ነግሬው ውሎውን ጠየቅሁት። እሱ ያለኝን ብዙ ሰው ስለሚለው አንድ በአንድ ልመልስ።

«ጭንቀት ሁሉ በሽታ ነው።» አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጉም የሚወርድ ሹፌር ልቡ ቢመታ፣ ዓይኑ ቢፈጥ ደግ ነው፤ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉት ሆርሞኖች ሥራቸው ይኸው ነው። ችግሩ ኮምቦልቻ ገብቶ ተሳፋሪ ካራገፈ፣ ቤቱም ገብቶ ከተኛ በኋላ ልቡ ገና ሐረጎ ላይ ሲቀር ነው።

«ጫት ሐሳብ ያስረሳል።» ምርቃናው እስኪያልፍ ብቻ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ጭንቀት ራሱ ሰውነት ላይ የሚያደርገውን ማለት ነው። ሲበርድ ድብርት ይከተላል። ያንን ለመስበር ለጨብሲ መጠጥ ይገባበታል፤ መጠጥ ደግሞ ቶሎ ያስተኛና ሌሊቱን እያባነነ ያነጋል። ወንድሜ ሹፌሩ ኪኒን ሊጨምር የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነበር።

«የምሽት ቡና ያረጋጋኛል።» የሚያረጋጋው ጎረቤቱና ወሬው ነው። የቡናው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ከ5 እስከ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ማታ 12 ሰዓት የጠጣችሁት እኩለ ሌሊትም አብሯችሁ አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ወደ ጠዋት አዙሩት፤ ጎረቤቱን ግን አትተዉት።

«የእምነት ማነስ ነው።» ይህን ስሰማ በጣም አዝናለሁ። ሰጋጁም ጿሚውም ይጨነቃል። ዱዓና ጸሎት ልብ ያሳርፋሉ፤ ወሎም ወዳጃ ተቀምጦ ያንዱን ጭንቅ በጋራ ሲለምን የኖረ አገር ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ማለት ነው የሚጎዳው። ለአንድ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ።

«ስፖርት ጂም ለሚከፍል ነው።» የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል፤ ደሴ ደግሞ ዳገት አልቸገራትም።

«ትንፋሽ ምን ይፈይዳል?» ሹፌሩም እንዲሁ ብሎኝ ነበር። መዳፉን ሆዱ ላይ አስደርጌ፣ 4 እየቆጠርኩ በአፍንጫው አሳብኩት፣ 6 እየቆጠርኩ ቀስ ብሎ እንዲያወጣ አደረግሁ። እንደ ስድስተኛው ትንፋሽ ላይ ጆሮው ሥር ተሰቅሎ የነበረው ትከሻው ወረደ። ረዥም አወጣጥ የልብን ምት ያዘገያል፤ ፌርማታ ላይ ተራ ሲጠብቅም ሊያደርገው ይችላል።

«ጊዜ ሁሉን ያስረሳል።» ሁልጊዜ አይደለም። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጡ፣ ሌሊት በቅዠት የሚነቁ ሰዎች አሉን። ለነሱ እስካሁን የዘረዘርኩት ብቻውን አይበቃም፤ ሕክምና አለው። እንቅልፍና ምግብ ከ2 ሳምንት በላይ እምቢ ካለ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሞት ሞት የሚለው ሐሳብ ከመጣ ግን በዚያው ቀን፣ ብቻችሁን ሳትሆኑ፣ ሰው ይዛችሁ።