ቪን ስካሊ፦ የዶጀርስ ድምፅ

ቪን ስካሊ የዶጀርስ ቤዝቦል ቡድንን ጨዋታዎች ለ67 የውድድር ዘመናት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያስተላለፈ አሜሪካዊ ኮሜንታተር ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከአንድ ቡድን ጋር ይህን ያህል የዘለቀ ሌላ አስተላላፊ የለም።

በ1927 ኒው ዮርክ ውስጥ ብሮንክስ ተወለደ። ልጅ ሳለ ቤታቸው ባለ አራት እግር ትልቅ ሬዲዮ ነበር። ሥሩ ገብቶ እየተጋደመ የስታዲየም ጩኸት ይሰማ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። በ1950 ያኔ መቀመጫው ኒው ዮርክ የነበረውን ብሩክሊን ዶጀርስን ተቀላቀለ። ሥራውን ያሳየው አንጋፋው አስተላላፊ ሬድ ባርበር ነው።

ዋናው ታሪክ ግን ከ1958 ይጀምራል። ቡድኑ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር የራሱ ሜዳ አልነበረውም። ለአራት ዓመት የተጫወተው በኮሊሲየም ነው፤ ከ90 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ፣ ለቤዝቦል ያልታሰበ ስታዲየም። ከላይ ለተቀመጠ ሰው ማን ማን እንደሆነ መለየት ፈተና ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ ትራንዚስተር ሬዲዮ ይዞ መግባት ጀመረ። ዓይኑ ሜዳው ላይ፣ ጆሮው ስካሊ ላይ። በ1960 የዳኛው ፍራንክ ሴኮሪ ልደት መሆኑን አይቶ፣ ሦስት ሲቆጥር ሁሉም መልካም ልደት እንዲሉት በሬዲዮ ጠየቀ። ስታዲየሙ በአንድ ድምፅ ጮኸ! በ1962 አዲሱ ዶጀር ስታዲየም ሲከፈትም ሬዲዮው አብሮ ገባ። ልጆች ደግሞ ማታ ትራስ ሥር ደብቀው ያዳምጡት ነበር።

አብዛኛውን ጊዜ ይሠራ የነበረው ብቻውን ነው። ስለ አንድ ተጫዋች ወግ ይጀምር፣ ኳስ ሲወረወር ያቋርጥ፣ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥል ነበር። መስከረም 9 ቀን 1965 የዶጀርስ ኳስ ወርዋሪ ሳንዲ ኩፋክስ አንድም መቺ ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት ምልክት) ላይ ሳያደርስ ጨዋታውን ሊጨርስ ሲል፣ ስካሊ ሰዓቱንና ቀኑን እየጠራ አስተላለፈ። ቅጂው ለኩፋክስ ማስታወሻ እንዲሆነው ብሎ ነው። ከምሽቱ 3፡46 መሆኑን የሰማነው ከዚያ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ እሱ ዝም አለ፤ 38 ሰከንድ ያህል የተሰማው የሕዝቡ ጩኸት ብቻ ነው።

በ1988 የዶጀርስ ተጫዋች ኪርክ ጊብሰን የመታውን ሆምረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) በቴሌቪዥን ሲያስተላልፍም እንዲሁ አደረገ። ያንኑ ምት ጃክ በክ በሬዲዮ አስተላልፎታል፤ የቱ ይበልጣል የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም። ለዶጀርስ ሰው ግን ድሮ ያለቀ ጉዳይ ነው።

ከ2014 ጀምሮ በኬብል ኩባንያዎች ውዝግብ ብዙ የከተማው ቤት ጨዋታውን በቴሌቪዥን ማየት አልቻለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች በሬዲዮም ስለሚተላለፉ፣ ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ እሱን ይሰማ ነበር።

በ2016 ጡረታ ወጣ። ወደ ስታዲየሙ የሚወስደው መንገድ በዚያው ዓመት በስሙ ተሰየመ፤ የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳሊያም ተቀበለ። ነሐሴ 2 ቀን 2022 በ94 ዓመቱ አረፈ። ከ1959 ጀምሮ ጨዋታዎቹን በስፓኒሽ ሲያስተላልፍ የኖረው ሃይሜ ሃሪንም በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ማይክራፎኑን አስቀመጠ።